ጥቁር ማር በራማን ስለካ ፍሎረሰንስ አስቸገረኝ

ሰላም ወገኖች። በየሁለት ዓመቱ ለሚካሄደው ዓለም አቀፍ የራማን ስፔክትሮስኮፒ (ናሙና ላይ ሌዘር አብርቶ ከሚበተነው ብርሃን ይዘቱን የመለየት ዘዴ) ጉባኤ ፖስተር እያዘጋጀሁ ነው፤ ርዕሱ ማር ላይ የተጨመረ ስኳርን መለየት። ናሙናዎቹን ከሆለታና ከሰበታ ገበያ ገዝቻለሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምሠራበት ላብራቶሪ ያለው 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር ብቻ ነው።

መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ለመፈተሻ የምለካው የሲሊከን ጫፍ እንደሚጠበቀው 520 cm⁻¹ ላይ ቁጭ ይላል። ፈዛዛው ማርም ጥሩ ነው፣ 630 አካባቢ ያለው የፍሩክቶስ ጫፍ ጥርት ብሎ ይወጣል። ጥቁሩ ማር ግን ፍሎረሰንሱ (ሌዘሩ ሲያርፍበት ማሩ ራሱ የሚያመነጨው ብርሃን) ሁሉን ይውጠዋል። የራማን ብተና ራሱ ከአስር ሚሊዮን ፎቶን አንድ ገደማ ስለሆነ ምንም አይተርፍም። ናሙናውን 50 ዲግሪ አሙቄ ክሪስታሉን አሟሟሁ፣ የሌዘሩን ኃይል ቀነስኩ፣ ከመለካቴ በፊት ብርሃኑን ናሙናው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ አቆየሁ፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረውን ፍሎረሰንስ በፖሊኖሚያል (በሒሳብ ኩርባ) ገምቼ ከውጤቱ ስቀንሰው ደግሞ የፖሊኖሚያሉን ደረጃ በቀየርኩ ቁጥር የጫፉ ቁመት አብሮ ይቀያየራል። ይህን ይዤ ሰው ፊት መቆም አልፈልግም፤ የንብ አናቢዎቹ ስም የሚያርፍበት ጉዳይ ነው።

785 ናኖሜትር ቢሆን ፍሎረሰንሱ በእጅጉ እንደሚቀንስ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ 785 ሌዘር ያለው የራማን መሣሪያ ለውጭ ተመራማሪ ለአንድ ቀን የሚፈቅድ ላብራቶሪ የምታውቁ አላችሁ?