ክርክር፦ መጠባበቂያው ሆስፒታል ይቀመጥ ወይስ ጤና ኬላ?

ጥያቄው፦ ጎጃም ላይ መንገድ ሲዘጋ ወይም ወረርሽኝ ሲነሳ እንዳንቸገር፣ ያለችን ጥቂት ብር መጀመሪያ የት ትግባ? ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ላይ ወይስ የቀበሌ ጤና ኬላዎች ላይ?

የማርቆስ ነርስ፦ ሆስፒታል ላይ ነው እንጂ! ኦክስጅን፣ ደም፣ ቀዶ ሕክምና ኬላ ውስጥ አይገኝም። መብራት ጠፍቶ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ካለቀ ኦክስጅን ላይ ያለው ሰው ምን ይሁን?

ከቡሬ፦ ወንድሜ፣ ሆስፒታል የሚደረሰው እኮ መንገድ ሲኖር ነው። ወባ እኛ ጋ የምትበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በ1950 ክረምት የተነሳው ወረርሽኝ በአገር ደረጃ 3 ሚሊዮን ሰው ገደማ አሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ወባ ብዙም የማያውቀው ወይና ደጋ ነው ክፉኛ የተመታው። ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ማን ነበር?

የኬላ ሠራተኛ፦ የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ሲጀመር ሐሳቡ ለ5,000 ሰው አንድ ኬላ፣ በኬላው ሁለት ሠራተኛ ነበር። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን ባዶ መደርደሪያ ይዤ ምን ልሥራ? የወባ መመርመሪያውና ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ካለኝ ልጁን እዚያው ጣቱን ወግቼ አያለሁ፣ የሦስት ቀን መድኃኒቱን ሰጥቼ እሸኘዋለሁ። ከሌለኝ አባቱ ተሸክሞት ይሄዳል። የሚላክልን ያለፉትን ወራት ፍጆታ አይተው ነው። በክረምት ትንሽ ስለምንጠቀም ለመስከረም ትንሽ ይደርሰናል። የመስከረሙን በነሐሴ ላኩልን ነው የምለው።

የማርቆስ ነርስ፦ እህቴ፣ ጊዜው ቢያልፍስ? ቢዘረፍስ? ክትባትም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም።

ፋርማሲስት፣ ፍኖተ ሰላም፦ ጊዜው የቀረበውን ቶሎ ወደሚያልቅበት ጤና ጣቢያ ወስዶ በአዲስ መተካት ነው፤ ይሄ ከባድ አይደለም። ቅዝቃዜ የማይፈልግም አለ። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ ከሚሰጡት ውስጥ ኦክሲቶሲን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ሚሶፕሮስቶል ግን አይፈልግም። መንገድ ተዘግቶባት ቤቷ ለወለደች እናት ደም እንዳይፈሳት የሚረዳት እሱ ነው። የዘረፋው ስጋት እውነት ነው፤ ለዚያም ነው ሁሉን አንድ መጋዘን ማከማቸት የማያዋጣው።

የሞጣ ልጅ፦ ደመወዝን ማንም አላነሳም። ባለሙያው ወራት ሳይከፈለው ቆይቶ ከሄደ መድኃኒቱን ማን ይሰጣል? በጀት ሲያዝ የችግር ጊዜ ደመወዝ ከናፍጣው እኩል ይያዝ።

የማርቆስ ነርስ፦ በዚህ እስማማለሁ። የወባውና የእናቶቹም ኬላ ይቀመጥ። የኦክስጅኑን ብር ግን አትንኩብኝ።

የኬላ ሠራተኛ፦ አንነካም። የነሐሴው ካልደረሰ ግን መስከረም ላይ እኔ ያላከምኳቸው ልጆች ብሶባቸው አንተው ጋ ነው የሚመጡት፤ መንገዱ ካሳለፋቸው።