የቶንጋ ንጉሥ ሥልጣን፦ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፓሲፊኳ የደሴት አገር ቶንጋ ከማገኛቸው ጽሑፎች አንዱ «ከ2010 ወዲህ ንጉሡ ለክብር ብቻ ናቸው» ይላል። ሌላው ደግሞ በ2024 ሁለት ሚኒስትሮችን ከወንበራቸው እንዳስነሡ ይናገራል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

ባለ አንቀጹ፦
ዓመቶቹም ወሮቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። «ለክብር ብቻ» የሚለውን ይተዉት። በ2010ሩ ማሻሻያ ከንጉሡ እጅ የወጣው የዕለት ተዕለቱ አስተዳደር ነው። ከ1875 ጀምሮ እየተሻሻለ የሚሠራበት ሕገ መንግሥት አሁን በአንቀጽ 51 የአስፈጻሚነቱን ሥልጣን ለካቢኔ ይሰጣል። ከተመረጡት 26 የምክር ቤት አባላት 17ቱ የሕዝብ ናቸው፤ 9ኙን መሳፍንቱ ከራሳቸው መካከል ይመርጣሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጡት እነዚህ 26ቱ ሲሆኑ ንጉሡ ይሾሙታል። እሱም ከምክር ቤቱ ውጭ እስከ 4 ሰው ሚኒስትር ማድረግ ይችላል። (ይህቺን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትፈለጋለች።)

የቀረው ግን ቀላል አይደለም። ያለ ንጉሡ ፊርማ ሕግ ሕግ አይሆንም። ምክር ቤቱ ዳግም ድምፅ ሰጥቶ የሚያልፍበት በር የለም፤ በአንቀጽ 68 መሠረት ያልተፈረመበት ሕግ እስከሚቀጥለው የጉባኤ ዘመን ለውይይት እንኳ አይቀርብም። በ2011 የያኔው ንጉሥ ጆርጅ ቱፖው 5ኛ በሕገ ወጥ መሣሪያ ላይ የተጣለውን ቅጣት የሚያቀል ረቂቅ ሳይፈርሙ ቀርተዋል። ምክር ቤቱን መበተን፣ ይቅርታ ማድረግ፣ የመስፍንነት ማዕርግ መስጠት፣ የጦሩ የበላይ አዛዥነት፣ የዘውድ ምክር ቤቱን (የንጉሡን አማካሪዎች ጉባኤ) አባላት መሾም፣ እነዚህም አልተነኩም።

ሰማያዊ ባሕር፦
ሥልጣኑ በተግባር ሲፈተን 2017ንና 2024ን ማየት ይበቃል። በነሐሴ 2017 የአሁኑ ንጉሥ ቱፖው 6ኛ በአፈ ጉባኤው በሎርድ ቱኢቫካኖ አማካሪነት ምክር ቤቱን በተኑት። በኅዳር ምርጫ ግን የጠቅላይ ሚኒስትር አኪሊሲ ፖሂቫ ፓርቲ ከ17ቱ የሕዝብ መቀመጫ 14ቱን ወስዶ ተመለሰ። መበተን ይቻላል፤ ውጤቱን ማዘዝ አይቻልም።

የ2024ቱ ከበድ ይላል። በየካቲት የዘውድ ምክር ቤቱ ባወጣው ጽሑፍ፣ ንጉሡ በጠቅላይ ሚኒስትር ሶቫሌኒ የመከላከያ ሚኒስትርነትና በፌኪታ ኡቶይካማኑ የውጭ ጉዳይና የቱሪዝም ሚኒስትርነት እምነት እንደሌላቸው ተገለጸ። በሕጉ ሚኒስትር የሚነሣው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ስለሆነ መንግሥት መጀመሪያ ተከራከረ። ኋላ ግን ሁለቱም ሥልጣኖቹን ለቀቁ። ሶቫሌኒ ራሱ ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱም በታኅሣሥ፣ የመተማመኛ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ተሰናበተ። በጥር 2025 የመጣው የተተኪው ጠቅላይ ሚኒስትር የአይሳኬ ኤኬ ካቢኔ መከላከያውንም ውጭ ጉዳዩንም ለአልጋ ወራሹ ሰጠ። አልጋ ወራሹ የተመረጡ አይደሉም፤ የገቡት በዚያችው የ4 ሰው በር ነው። በእኔ ግምት ንጉሡ ያሸነፉት በአንቀጽ ሳይሆን በክብራቸው ጫና ነው።

 

ርስትና መሬት፦
ሁላችሁም መሬቱን ረሳችሁት። በቶንጋ መሬት ሁሉ የዘውዱ ነው፤ መሸጥ በሕገ መንግሥቱ ክልክል ነው። ከፊሉ በርስትነት በመሳፍንቱ እጅ ነው፤ ማዕርጉን የሚሰጡት ደግሞ ንጉሡ ናቸው። ወንድ 16 ዓመት ሲሞላው 8.25 ኤከር (3.3 ሄክታር ገደማ) የእርሻ መሬትና ትንሽ የመኖሪያ ቦታ የመጠየቅ መብት አለው። ችግሩ የሚታደለው መሬት አለመብቃቱ ነው፤ ስለዚህ መብቱ ያለው ሁሉ ቦታ አያገኝም። ሴቶች ደግሞ ይህ መብት የላቸውም፤ ሊከራዩ ግን ይችላሉ።

ጠያቂ፦
ግልጽ ሆነልኝ። የ«ንጉሡ ሚኒስትር ይሾማሉ፣ ይሽራሉ» ወሬስ ከየት መጣ?

ባለ አንቀጹ፦
ከድሮ ቅጂ። ከ2010 በፊት በታተመው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ሚኒስትሮች በንጉሡ ፈቃድ የሚሾሙና የሚሻሩ ነበሩ፤ ያ ቅጂ ዛሬም በኢንተርኔት ይዞራል። አንቀጽ ከመጥቀስዎ በፊት የማሻሻያውን ዓመት ይዩ።