ከአባቴ ጋር የሠራናት ጀልባ መሪዋ ይንቀጠቀጣል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር የሠራናት በሪሞት የምትሄድ የእንጨት ጀልባ አለችኝ። ያኔ ሙጫው እስኪደርቅ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሰሞኑን ከሳጥን አወጣኋት። ሬዲዮዋ የድሮው 27 ሜጋኸርትዝ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መሪዋ ልክ እንደ ድሮው ይታዘዛል። ሞተሩን ሳስነሳ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነት ስጨምር ጭራሽ ይብሳል። ባትሪ ቀየርኩ፣ የአንቴናውን ሽቦ ከሞተሩ አራቅኩ፤ ለውጥ የለም። ሞተሩ ላይ የአንዲት ትንሽ ካፓሲተር (ሞተሩ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ረብሻ የምታፍን ዕቃ) እግር ተበጥሶ አገኘሁ። ጥፋቱ የእሷ ይሆን? የ0.1 ማይክሮፋራድ ሦስት ልበይድ አስቤያለሁ፤ አንዱን በሁለቱ ተርሚናሎች (ሽቦ በሚያያዝባቸው የሞተሩ ጫፎች) መሃል፣ ሁለቱን ከየተርሚናሉ ወደ ሞተሩ የብረት አካል። ይበቃል ወይስ ብሩሾቹም (ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት) ይታዩ? አዲስ ሬዲዮ ግዛ ብቻ አትበሉኝ። አባቴ ይዞት በነበረው ሪሞት ነው መንዳት የምፈልገው።