«የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል» የሚለው መልእክት እውነት ከአይሲቲ (ከዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተርና የኔትወርክ ክፍል) ነው?

የ3ኛ ዓመት ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል «ሳጥንዎ ስለሞላ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ይዘጋል» የሚል መልእክት እየተላከ ነው። ሊንኩ በኤችቲቲፒኤስ (https) ይጀምራል፣ የዩኒቨርሲቲው ስምም አለበት። በምን እንለየው? የይለፍ ቃሉን አስገብቶ የላከስ ምን ያድርግ?

ኔትወርክ፦
የላኪው ስም ላይ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ስሙን ነክታችሁ ሙሉ አድራሻውን አውጡ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አድራሻ በዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ ያልቃል፤ ይህም ብቻውን አያስተማምንም፣ ምክንያቱም የተጠለፈ የመምህር አካውንት በትክክለኛው አድራሻ ይልካል።

ስለዚህ ሊንኩን መርምሩ። ስልክ ላይ ሳትከፍቱ ተጭናችሁ ያዙት፤ ኮምፒውተር ላይ ማውሱን አስጠጉበት። መጀመሪያ ያሉትን ሁለት እዝባሮች (//) እለፉና እስከ ቀጣዩ ነጠላ እዝባር (/) ያለውን ከጫፉ ወደ ኋላ አንብቡ። ባለቤቱ የሚታወቀው ከጫፉ ነው። «ዩኒቨርሲቲ.ኢዲዩ.ኢቲ.ማረጋገጫ.ኮም» ቢል ገጹ የ«ማረጋገጫ.ኮም» እንጂ የዩኒቨርሲቲው አይደለም። ኤችቲቲፒኤስ መስመሩ መመስጠሩን ብቻ ይናገራል፤ ሌባም በነፃ ያገኘዋል።

የይለፍ ቃላችሁን ብራውዘሩ ላይ ካስቀመጣችሁ ሌላም ምልክት አለ፦ በለመደው ገጽ ላይ ራሱ ይሞላል፣ በሐሰተኛው ላይ ግን ዝም ይላል። ዝም ካለ በእጃችሁ አትሙሉለት።

ሰርቨር ክፍል፦
ላስገባ ሰው፦ አድራሻውን ራሱ ጽፎ ይግባና የይለፍ ቃሉን ይቀይር፣ ከሁሉም መሣሪያዎች ይውጣ፣ የመልሶ ማግኛ ስልኩና ኢሜይሉ የራሱ መሆናቸውን ይይ። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ስህተቱም ይሄ ነው። በሴቲንግ ውስጥ ፊልተርና ፎርዋርዲንግ የሚሉትን ይክፈት። ሌባው ከአይሲቲ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ በቀጥታ ወደ ትራሽ እንዲገባ፣ ወይም የሚመጣው ሁሉ ኮፒ እንዲላክለት አዝዞ ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃል መቀየር ይህን ትእዛዝ አያጠፋውም። ያንኑ የይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ከተጠቀመ እዚያም ይቀይር። መልእክቱን ደግሞ እባካችሁ አታጥፉት፤ እንደ አባሪ አድርጋችሁ ለአይሲቲ ላኩ። በተራ ፎርዋርድ ከየት እንደተነሳ የሚያሳየው መረጃ ይቀራል።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ፦
አመሰግናለሁ። በክፍል የቴሌግራም ግሩፕ «ለውድድር ድምፅ ስጡኝ» የሚለው ሊንክስ?

ኔትወርክ፦
ሊንኩ ስልክ ቁጥር ከጠየቀ በኋላ ቴሌግራም የላከላችሁን ባለ 5 አሃዝ ኮድ ካስገባችሁ፣ አካውንታችሁ በሌባው ስልክ ተከፍቷል። ከዚያ በስማችሁ ጓደኞቻችሁን በቴሌብር ብር ይለምናል። አዲስ የገባ መሣሪያ ለ24 ሰዓት ሌሎቹን ማስወጣት አይችልም፤ ነባሩ ስልካችሁ ግን ይችላል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ። ቀጥላችሁ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል) አብሩ፤ ያኔ ኮዱ ብቻውን አያስገባም።