የቀበሌ ቤት ውዝፍ ኪራይ፦ ተከራዩ ይውጣ ወይስ እየከፈለ ይኑር?

ክርክሩን የከፈተችው፣ ከሰሜን ሸዋ

ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ኪራይ ሳይከፍል ብዙ ጊዜ ቢቆይ ቤቱን ይልቀቅ ወይስ ዕዳውን ቀስ በቀስ እየከፈለ ይኑር የሚል ነው። እኔ እየከፈለ ይኑር እላለሁ። እናቴ የምትኖርበት ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ወርኃዊ ኪራዩ 12 ብር ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ልትከፍል ስትሄድ ውሉ በእሱ ስም በመሆኑ አስቀድሞ ስም እንዲዛወር ተነግሯት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ በሯን ያንኳኳ አልነበረም። በመጨረሻ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ግን 864 ብር ውዝፍ ከነቅጣቱ በ10 ቀን ውስጥ እንድትከፍል፣ ካልሆነም ቤቱ እንደሚታሸግ ይገልጽ ነበር። በየወሩ 12 ብር መክፈል የማያቅታት አሮጊት ያን ሁሉ ገንዘብ በ10 ቀን ከየት ታመጣለች?

ኪራይ በመሰብሰብ ሥራ ያገለገሉ ጡረተኛ፣ ከደብረ ሲና

ልጄ፣ የእናትሽ ነገር ያሳዝናል፤ ሆኖም የነገሩን ሥር እንመልከት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ እንዲተዳደሩ ሰጠ፤ ኪራያቸውንም ቀነሰ፤ ቅናሹ ከፍ ያለውም ዝቅተኛ ኪራይ በሚከፈልባቸው ቤቶች ላይ ነበር። ዓላማው መልካም ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት በዚያው ሲቆይ ቤቱን ማደስ ቀርቶ አንድ ቆርቆሮ ለመግዛት እንኳ የማይበቃ ሆነ። በዚህ ላይ ያም ትንሽ ገንዘብ ሳይከፈል ከቀረ ቤቱ በማን ይጠገን? ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንዳንዱ ተከራይ ራሱ ሌላ ቦታ እየኖረ የቀበሌውን ቤት በገበያ ዋጋ ለሌላ ያከራያል፤ በእጁ ብዙ ብር እየገባ ለቀበሌው የሚከፍለውን ጥቂት ብር ይወዝፋል። እንዲህ ያለውን ሰው በልመና መያዝ ለቤት ፈላጊው ግፍ ነው።

ትውልዱ ሞላሌ፣ ነዋሪነቱ እንግሊዝ አገር

አባታችን ቤቱን አሳልፈው ስለሚያከራዩት ሰዎች የተናገሩት ትክክል ስለሆነ አልከራከርበትም። ነገር ግን ያን ሰው ለመቅጣት የወጣው ማስጠንቀቂያ የእህታችን እናት በር ላይም ከተለጠፈ፣ አከራዩ ተከራዮቹን ለይቶ አያውቃቸውም ማለት ነው። እኔ የምኖረው ለትርፍ ባልቆመ የቤቶች ማኅበር ቤት ነው። ሥራ ባጣሁ ጊዜ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ለሚባለው የመንግሥት ድጋፍ አመለከትሁ፤ የመጀመሪያው ክፍያ የሚደርሰው ግን ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ስለሆነ ኪራዬ ተወዘፈ። ገና ወሩ ሳይሞላ ከአከራዩ ተደወለልኝ፤ የደወለችው ሠራተኛ ገቢዬንና ወጪዬን ጠይቃ በየሳምንቱ ከመደበኛው ኪራይ ላይ 5 ፓውንድ እንድጨምር ተስማማን። ይህ የእርሷ ደግነት ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝና በዌልስ ማዘጋጃ ቤቶችና የቤቶች ማኅበራት ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የሚከተሉት ሥርዓት አለ፤ ተከራዩን ቶሎ እንዲያነጋግሩ፣ በአቅሙ ልክ እንዲስማሙ፣ ስምምነቱን እስካከበረ ድረስም ክስ እንዳይመሠርቱ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2021 ወዲህ ደግሞ ባለዕዳ በዕዳ አማካሪ በኩል አመልክቶ ከተፈቀደለት፣ አበዳሪዎቹ ለ60 ቀን ያህል እንዳያስገድዱት የሚከለክል ሕግ አለ፤ የወቅቱን ኪራይ ግን መክፈሉን ይቀጥላል። አከራዩም ይጠቀማል፤ ክስ ወጪ አለው፣ ባዶ የቆመ ቤትም ኪራይ አያስገባም። ባይስማማኝም መናገር ያለብኝ፣ እዚህም ቢሆን ስምምነቱን ያፈረሰ ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤቱ ሊወጣ ይችላል።

መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

ከተማችን ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች የተጠለሉባት ናት። ቤት ይለቀቅ ሲባል ከእነርሱ አንዱ የሚገባበት የሚመስለው አለ፤ ሆኖም መበለቷን አውጥቶ ተፈናቃዩን ማስገባት ቤት የሌለውን ሰው ቁጥር አይቀንስም።

ክርክሩን የከፈተችው

የእናቴን ነገር ልጨርስ። አቤቱታ አቅርበን ስሙ ተዛወረላት፤ ውዝፉንም በየወሩ 50 ብር እየከፈለች እንድትጨርስ ተፈቀደላት፤ እስከ ዛሬ አንድ ወር አላጓደለችም። ቅጣቱ ግን አልተነሣላትም፤ እኔ አሁንም የምቃወመው ይህንን ነው፤ ልክፈል ብላ ሄዳ የተመለሰች ሰው ናትና። አባቴ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ በሥራ ላይ ሳሉ ሁለት ወር ሳይከፍል የቀረ ተከራይ ሲኖር ማን ነበር ሄዶ የሚጠይቀው?

ጡረተኛው፣ ከደብረ ሲና

እኔው ነበርሁ። መዝገቡን ይዤ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ለቤት እዞር ነበር፤ ታሞ የተኛም፣ ልጅ የሞተበትም፣ ቤቱን ለሌላ አከራይቶ የሄደም አጋጥሞኛል፤ ማን ምን እንደሆነ የማውቀውም በዚያ ነበር። እኔ ጡረታ ስወጣ መዝገቡን በቢሮ አስረከብሁ፤ የቅዳሜውን ዙር ግን የተረከበኝ ሰው አልነበረም።