የአድቫይዘር ሳይቴሽን ብዛት ምን ያህል ይታመናል? (ፕሪንትድ ሴንሰር ለምትሰሩ)

ሜሮን_ማቴሪያል
ሰላም ለሁላችሁም፣ ማስተርሴን በማቴሪያል ሳይንስ ጨርሼ ለፒኤችዲ እያመለከትኩ ነው። ፊልዱ ፕሪንትድ ሴንሰር ነው፣ የብር ወይም የካርቦን ቀለም ፕላስቲክና ጨርቅ ላይ አትሞ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ መለኪያ መስራት። ሁለት ፕሮፌሰሮች ኢንተርቪው አድርገውኛል። አንደኛው ስማቸው የገነነ ነው፣ ጎግል ስኮላር ላይ ኤች ኢንዴክሳቸው (ከሳይቴሽን፣ ማለትም ፔፐሮቻቸው በሌሎች ስንት ጊዜ ከተጠቀሱበት የሚሰላው ቁጥር) ከ60 በላይ ነው። ሁለተኛዋ ወጣት ናቸው፣ 20 አካባቢ። ጓደኞቼ "ይሄ ምን ይጠየቃል ትልቁን ያዢ" ይሉኛል፣ እኔ ግን ሳየው የሰውየው ብዙ የተጠቀሱት ፔፐሮች ሪቪው (የሌሎችን ስራ አሰባስበው የሚገመግሙ) ናቸው፣ የሴትየዋ ደግሞ ቀለሙ እንዴት እንደተቀመመ ከነመጠኑ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩን እንዴት ልየው? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ፣ መልስ የምሰጥበት ጊዜ አጭር ነው።

ኤሌክትሮድ21
ሜሮንዬ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሁለት በር መከፈቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኤች ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ሂርሽ የሚባል የሳንዲያጎ ፊዚሲስት ነው፣ 60 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 60 ጊዜ የተጠቀሱ 60 ፔፐሮች አሉ ማለት ነው፣ በቃ። ቁጥሩ በእድሜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ ሰውየው ስራውን ራሳቸው ይስሩት ወይ ስማቸው ከደራሲዎቹ መሀል ላይ ይግባ አይለይም፣ ስለዚህ 25 አመት የሰራ ተመራማሪን 8 አመት ከሰራ ጋር በሱ ማወዳደር አይሆንም። ስኮፐስ (ሌላው የሳይቴሽን መዝገብ) ላይም አይተሽ አወዳድሪ፣ ጎግል ስኮላር ቴሲሱንም ፕሪፕሪንቱንም (በገምጋሚ ገና ያላለፈውን ጽሁፍ) ስለሚቆጥር ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

በኛ ፊልድ ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ግራፊን ወይም ማክሲን (MXene) በሚባሉት በጣም ቀጭን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቁሶች ላይ ሪቪው የጻፈ ሰው ሁሉም ሰው መግቢያው ላይ ስለሚጠቅሰው ሳይቴሽኑ ይጎርፋል። ሪቪው መጥፎ ነው አላልኩም፣ ግን ላብራቶሪው ውስጥ ምን እንደሚሰራ አይነግርሽም። የስኳር መለኪያ ስትሪፕን አስቢ፣ እናቶቻችን ጣታቸውን ወግተው ደም የሚያስነኩት። ብዙዎቹ ውስጥ ቲሸርት በሚታተምበት በስክሪን ፕሪንት የተሰራ የካርቦን ኤሌክትሮድ ነው ያለው። መነሻው የኦክስፎርድና የክራንፊልድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ፌሮሲን (ኤሌክትሮን ወደ ኤሌክትሮዱ የሚያደርስ የብረት ውህድ) ያወጡት ፔፐር ነው፣ በ1987 ኤግዛክቴክ የሚባል እስክሪብቶ የሚያክል መለኪያ ሆኖ ገበያ ወጣ። ፔፐሩ በደንብ ተጠቅሷል፣ ግን ስንት ሰው ቤቱ ሆኖ ስኳሩን መለካት እንደቻለ የትኛውም ሳይቴሽን አይቆጥረውም።

ጌታነህ_ፖስትዶክ
ከላይ የተባለው ልክ ነው ግን ስምን እንዲህ አናቅለው ወገኖቼ። ከኛ አገር ወጥቶ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ የምርምር ስራ) ለሚፈልግ ሰው የታወቀ ፕሮፌሰር የሚጽፈው ደብዳቤ በር ይከፍታል፣ ያየሁት ነው። እኔ የማየው ተማሪዎቹና ፖስትዶኮቹ የት ደረሱ የሚለውን ነው። በርክሌይ ያለው የአሊ ጃቪ ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር ላይ ላብ (ከቆዳ የሚወጣውን ማለቴ ነው) ውስጥ ግሉኮስ፣ ላክቴት፣ ሶዲየምና ፖታሲየም አንድ ላይ የሚለካ ሴንሰር አወጣ፣ የመጀመሪያው ደራሲ (አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን ስራ የሰራው ሰው) ዌይ ጋኦ ዛሬ ካልቴክ የራሱ ላብራቶሪ አለው። የጆን ሮጀርስ ግሩፕ በ2011 ሳይንስ ላይ ቆዳ ላይ እንደ ንቅሳት የሚለጠፈውን ኤሌክትሮኒክስ ሲያወጣም የመጀመሪያው ደራሲ ዴ ህዮንግ ኪም ነበር፣ እሱም ሶል ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። እነዚህ ላብራቶሪዎች ሳይቴሽናቸውም ትልቅ ነው፣ ሰውም ያወጣሉ። ስለዚህ የሁለቱንም ፔፐሮች የመጀመሪያ ደራሲዎች ስም ያዢና አሁን የት እንዳሉ ፈልጊ።

ቀለም_ቀማሚ
እህቴ እኔ በየቀኑ የማትም ሰው ነኝ፣ ይህን ሞክሪ። የሁለቱንም አንድ አንድ ኦሪጅናል ፔፐር ምረጪና "የጠቀሱት" የሚለውን ተጭነሽ የሌላ ግሩፕ ስራዎችን ክፈቺ፣ የተጠቀሰው መግቢያው ላይ ከሌሎች 15 ፔፐሮች ጋር ተደርድሮ ነው ወይስ የአሰራር ክፍሉ ውስጥ "ቀለሙን በዚህ መንገድ ሰራን" ተብሎ? ሁለተኛው ከሆነ ሌላ ሰው እጁ ላይ ሰርቶለታል ማለት ነው፣ ለኔ ያ አንዱ ከመቶው ይበልጥብኛል። ፔፐሩን ራሱን ደግሞ እንዲህ እዪው፣ ከአንድ ህትመት ስንት ሴንሰር ለኩ፣ በመሀላቸው ያለው ልዩነት ተጽፏል ወይ፣ ሲታጠፍ ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ ስንት ሆነ፣ የተሞከረው በእውነተኛ የሰው ላብ ነው ወይስ በፎስፌት በፈር (ላብራቶሪ ውስጥ በተቀመመ የጨው ውሀ) ብቻ፣ ቀለሙ በስንት ዲግሪ ደረቀ። ፔት (የውሀ ጠርሙስ የሚሰራበት) ፕላስቲክ ላይ አትመናል ብሎ የማድረቂያ ሙቀቱን የማይጽፍ ፔፐር አያስደስተኝም፣ ምክንያቱም ፔት ብዙ ሙቀት አይችልም፣ ይጣመማል፣ እና ደግሞ የሚቀጥለው ተማሪ ወራቱን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነው።

ሜሮን_ማቴሪያል
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀለም_ቀማሚ ያልከውን አሁኑኑ ሰራሁት፣ የሴትየዋን ቀለም ሌሎች ሁለት ግሩፖች ወስደው ሰርተውበታል፣ አንዱ እንዲያውም ጨርቅ ላይ። የሰውየውን ኦሪጅናል ፔፐር የጠቀሱት እስካሁን ያየኋቸው በሙሉ መግቢያ ላይ ናቸው፣ ገና አልጨረስኩም። ጌታነህ፣ ለሁለቱም ከተመረቁ ተማሪዎቻቸው ጋር እንዲያገናኙኝ ኢሜይል ልኬያለሁ።

ጌታነህ_ፖስትዶክ
ጎበዝ። ስታናግሪያቸው ፕሮፌሰሩ በሳምንት ስንቴ እንደሚያገኟቸው ጠይቂ፣ እና ፕሪንተሩን ማን እንደሚጠቀምበት፣ ወረፋው ስንት እንደሆነ።