ሁለት ኮሌጅ መሃል ተወጥሬያለሁ፤ እስቲ አማክሩኝ

እህት ወንድሞች፣ ሁለት ኮሌጆች ተቀብለውኛል። መልስ የምሰጥበት ቀን እየቀረበ ነው፤ እኔ ግን አልቆረጠልኝም።

አንዱ ትልቅና ስመ ጥር ነው። ስሙን ስጠራ ሰው ሁሉ «ውይ፣ ጎበዝ!» ይለኛል። ነገር ግን የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች የሚሰጡት በትልልቅ አዳራሽ ነው፤ ፈተናውንም የሚያርሙት ረዳቶች ናቸው አሉ። ሌላው ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በአንድ ክፍል ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። የነፃ ትምህርት ዕድሉም አብዛኛውን ክፍያ ይሸፍንልኛል። ችግሩ ዕድሉ የሚቀጥለው ውጤቴ ካልወረደ ብቻ ነው። እሱ ያስፈራኛል።

መማር የምፈልገው ባዮሎጂ ነው፤ ግን ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ። ዲፓርትመንት መቀየር የሚቀለው የት ይሆን? ወደ ሌላ ኮሌጅ ብዛወርስ የወሰድኳቸው ኮርሶች ይያዙልኛል? ድረ ገጻቸው ላይ የሚስቁ ተማሪዎች ፎቶ እንጂ ይሄ የለም።

ያለፋችሁበት ሰዎች፣ ከመወሰኔ በፊት ኮሌጆቹን ምን ብዬ ልጠይቅ? እስካሁን ያሰብኩት ይሄን ነው፦ ከገቡት ስንቱ በጊዜው ይመረቃል? ላቦራቶሪ የሚገባው ከስንተኛ ዓመት ጀምሮ ነው? የሥራ ልምምድ ኮሌጁ ያገናኛል ወይስ ተማሪው ራሱ ተሯሩጦ ነው የሚያገኘው?

ደግሞ ዓይናፋር ነኝ። መምህር ቢሮ ሄጄ መጠየቅ ይከብደኛል። እንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ኮሌጅ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል ወይስ መላ አለው? «ስም ይሻላል» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፤ እሱን ቤት ውስጥ ጠግቤዋለሁ። ምክንያታችሁን ጨምሩልኝ።